ብረቱን አርቂ

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ዓይንዎ ስለደከመ እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልዎ።

ቅየሳ ይዘውኝ የወጡ ዕለት ኮምፓሱን አስይዘውኝ «ብረቱን አርቂ!» ያሉኝን ያስታውሳሉ? መዶሻው እግሬ ሥር ነበር። መርፌው ዞር ሲል ደነገጥኩ። እዚህ አሜሪካ፣ ፔንስልቬንያ፣ የማግኔት ካርታ ስሠራ ያ ድምፅዎ ከጆሮዬ አይጠፋም።

ሙያዬ የተጀመረው በዚያው ችግር ነው። መሬት ውስጥ ያለውን የብረት ማዕድን ከአውሮፕላን ሆኖ መለየት ተፈለገ፤ አውሮፕላኑ ግን ራሱ ብረት አለበት። በፈረንጆች 1936 ሎጋቾቭ የተባለ የሶቪየት ባለሙያ ሞክሮት ነበር። የመሣሪያው ስህተት ግን 1,000 ጋማ ያህል ነበር፤ ጋማ የማግኔት ጉልበት የሚለካበት አሃድ ነው። የምድር ማግኔት ጉልበት እዚህ አካባቢ በጠቅላላው 50,000 ጋማ ግድም ነው፤ በዚያ ስህተት ትልልቁ ብቻ ይታያል።

ከዚያ ቪክቶር ቫኪየር ፒትስበርግ በሚገኘው የገልፍ ነዳጅ ኩባንያ ቤተ ሙከራ አዲስ መለኪያ ሠራ። ሁለት የኒኬልና የብረት ቅይጥ ዘንጎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ሽቦው በተቃራኒ አቅጣጫ ተጠምጥሞባቸዋል። ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ማግኔት እስኪጠግቡ ይሞላሉ፣ ወዲያው ይገለበጣሉ። የምድር ማግኔት ባይኖር የሁለቱ ምልክት በተጣፋ ነበር። ስላለ ግን አንዱ ቀድሞ ይጠግባል፤ የምትለካው ያቺ የምትተርፈው ልዩነት ናት። እንዴት ያለ ብልሃት ነው አባባ! በመጀመሪያ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከብ አደነበት። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳያበቃ፣ በፈረንጆች 1944፣ የአሜሪካ የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት ከባሕር ኃይሉ ጋር እዚሁ ፔንስልቬንያ ቦየርታውን ላይ፣ የድሮ የብረት ጉድጓዶች ባሉበት፣ በረረበት።

የአውሮፕላኑንስ ብረት ምን አደረጉት ይሉኛል። መለኪያውን ቦምብ በሚመስል ሽፋን ከተው፣ በረጅም ገመድ ከአውሮፕላኑ በታች ያንጠለጥሉታል፤ ባለሙያዎቹ «ወፏ» ይሏታል። ብረቱን ማራቅ ሲያቅታቸው መለኪያውን አራቁት።

«ቦታውንስ በምን አወቁ?» እንደሚሉኝም አውቃለሁ፤ ቀያሽ ነዎት። ያኔ ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር ካሜራ መሬቱን ተከታትሎ ያነሳ ነበር። ኋላ ፎቶውንና መለኪያው በወረቀት ጥቅል ላይ የጻፈውን መስመር በቁጥር ያገናኟቸው ነበር።

ኮምፓሱን ለማንም አይስጡብኝ። ለፋሲካ እመጣለሁ፤ ያንን የድንበር ድንጋይ አብረን እንፈልገዋለን፤ እርስዎ ይዘዙኝ፣ እኔ አነብልዎታለሁ።

ናፋቂ ልጅዎ