ከመስፋታችሁ በፊት ጣቱን ንኩልን
ለጤና ሚኒስቴር ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

ታናሽ ወንድሜ መስታወት ቤት ነው የሚሠራው። ባለፈው ዓመት መስኮት ሲገጥም መስታወቱ ተሰብሮ የእጁን አንጓ ቆረጠው። በቅርብ ወዳለ ጤና ተቋም ወሰድነው። ደሙን አቁመው፣ ቁስሉን ሰፍተው ሸኙን። ስፌቱ ያምር ነበር። ትንሿ ጣቱና የቀለበት ጣቱ ግን በድን ሆኑ። «ቀስ እያለ ይለቅሃል» አሉት። አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን ትንሿ ጣቱ ውኃ ቋጥራ አየሁ። ብርጭቆው አቃጥሎት አልተሰማውም። ሪፈር የተጻፈለት በስድስተኛ ወሩ ነው።

እኛ ሁሉንም «ጅማት» እንላለን። የተቆረጠው ግን ስሜትና ትእዛዝ የሚያመላልሰው ነርቭ ነበር። ነርቭ ሲቆረጥ ከታች የቀረው ክር እንደሚበሰብስ እንግሊዛዊው ሐኪም ኦገስተስ ዎለር እ.ኤ.አ. በ1850 በእንቁራሪት ምላስ ላይ አሳይቷል። የላይኛው ጫፍ ግን መልሶ ያድጋል። እ.ኤ.አ. በ1981 ደግሞ ካናዳ፣ ሞንትሪያል ውስጥ ተመራማሪዎቹ ሳሙኤል ዴቪድና አልበርት አጉዋዮ ከአይጥ እግር ነርቭ ወስደው በአንጎል ግንድና በህብለ ሰረሰር መካከል ድልድይ አደረጉት። አያድግም ሲባል የኖረው የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ነርቭ በዚያ ድልድይ ውስጥ ረጅም መንገድ አደገ። የእጅ ነርቭ እንዲህ ያለ ምቹ መንገድ በተፈጥሮው አለው። ጫፍና ጫፉ ከተገናኘለት በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሄዳል።

ጡንቻው ግን አይጠብቀውም። ነርቭ ያጣ ጡንቻ ይሰልላል። ከ12 እስከ 18 ወር ካለፈ ነርቩ ቢደርስም መልሶ ማንቀሳቀስ በጣም ይከብዳል። ነርቩ ብብቱ አካባቢ ለተቆረጠ ሰው እስከ መዳፉ 50 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 500 ቀን ነው። ከዚህ ላይ ስድስት ወር ለሪፈር ሲባክን አስቡት።

የምጠይቃችሁ ብዙ ወጪ ያለው ነገር አይደለም። ክንዱን ወይም እጁን ስለት ያቆሰለው ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲገባ፣ ማደንዘዣ ከመወጋቱ በፊት (ከተወጋማ ምን ሊታወቅ?) ዓይኑን ጨፍኖ የጣቶቹ ጫፍ በጥጥ ይነካ። «ጣቶችህን ዘርጋ፣ ግጠም» ይባል። ያልተሰማው ወይም ያልታዘዘው ጣት ካለ ካርዱ ላይ ይጻፍ፤ በዚያው ሳምንት ነርቭ የሚሰፋ ሐኪም ጋ ይላክ። ይህን መመሪያ አድርጋችሁ በየጤና ጣቢያው አውርዱልን።

ወንድሜ በስንት ደጅ ጥናት ተራው ደርሶ ተሠራለት። ፊዚዮቴራፒስቷ ከጠባሳው ጀምራ ወደ ታች በጣቷ መታ መታ ታደርገዋለች። የሚነዝረው ቦታ ነርቩ እያደገ የደረሰበት ነው፤ መጀመሪያ አንጓው ላይ ነበር። ባለፈው ሳምንት መዳፉ ላይ ደርሷል። ቦታውን በእስክሪብቶ ምልክት አድርገንበታል።

መልሳችሁን በአክብሮት እጠብቃለሁ።