ስለ ትራፕ ተኩስ የፈቃድ ወረቀት ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። አብዛኛውን ጊዜ የምጽፍላችሁ ስለ ወርሃዊ ክፍያ፣ ስለሚያረፍዱ ልጆችና ስለ መኪና ማቆሚያው ጭቅጭቅ ነው። የዛሬው ስለ ጠመንጃ ነው። አትደንግጡ፤ የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤታችን ተኩስ ማስተማር አልጀመረም።

በቀደም ቅዳሜ አንዲት እናት ልጇን ልትወስድ መጥታ ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ። ፈርሜ ሰጥቻለሁ፤ ግን ልቤ አላረፈም» አለችኝ። ልጇ በአዘቦት ቀን ከሚማርበት ትምህርት ቤት የመጣ የፈቃድ ወረቀት ቅጂ ነው። ምንድን ነው ብላ ስትጠይቀው «የትራፕ ክለብ ነው» አላት። እሷ የምታውቀው ትራፕ ሙዚቃውን ነው። «ዘፈን ከሆነ እቤት ከሚጮህብኝ እዚያው ይጩህ ብዬ ፈረምኩ» አለች። አነበብኩላት። ትራፕ ማለት ሾትጋን በሚባለው፣ ብዙ ጥቃቅን ፍሬ በሚረጭ ረጅም ጠመንጃ አየር ላይ የሚበር ዒላማ መምታት ነው። ሴትዮዋ ወንበር ፈለገች።

ልጁ አልዋሸም። ለራሱ በሚመቸው መጠን ተረጎመላት እንጂ። ከዚያ ወዲህ ሳጠያይቅ ይኸው ዓይነት ወረቀት ሌሎች ቤቶችም ገብቷል። ከልጆቻችን ሁለቱ እንዲያውም መተኮስ ከጀመሩ ከርመዋል። አንዷ ሴት ናት፤ ጎበዝ ናት ይሏታል። ስለዚህ የማውቀውንና ጠይቄ የደረስኩበትን ልንገራችሁ። መፈረም አለመፈረሙ የእናንተ ፈንታ ነው። ወረቀቱን የሚያነበው ግን ልጃችሁ ሳይሆን እናንተ ሁኑ።

እዚህ ሚኒሶታ ነገሩ ቀላል አይደለም። በ2001 ጂም ሴብል የሚባሉ ሰው የተኩስ ክለቡ ሽማግሌ ብቻ እየሆነ ወጣት ሲጠፋ አይተው ልጆች ማሰባሰብ ጀመሩ። ዛሬ ከ6ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች በየትምህርት ቤታቸው ስም የሚወዳደሩበት ሊግ ሆኗል። ከ2014 ጀምሮ የስቴቱ የሃይስኩል ስፖርት ማኅበር እንደ ቅርጫት ኳሱ ሁሉ የራሱን የፍጻሜ ውድድር ያዘጋጅለታል። በጁን ወር አሌክሳንድሪያ በምትባለው ከተማ በሚደረገው የሊጉ ሻምፒዮና ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ይሰለፋሉ። ወንዱም ሴቱም አንድ ላይ ነው የሚተኩሰው። መሮጥ የለ፣ መዝለል የለ። ቁመትም ጉልበትም አይጠየቅም። በእግር ኳስ ቡድን ቦታ ያጣ ልጅ ልቡ እዚያ ቢሄድ አይገርምም።

ዒላማው ብርቱካናማ ነው። የስኒ ማስቀመጫ ያህላል፤ ስፋቱ 11 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ልጁ «ፑል» ብሎ ሲጮህ ማሽን ያስወነጭፈዋል። እሱ ከማሽኑ 16 ያርድ፣ ማለትም 15 ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ቆሞ ይተኩሳል። ቦታ እየቀያየሩ አምስት ቦታ ላይ አምስት አምስት ጊዜ ይተኮሳል። 25 ጥይት አንድ ዙር ነው። በሳምንት ሁለት ዙር አለ። ሁለት ፓኮ ጥይት ማለት ነው፤ ማን እንደሚከፍል ከአሁኑ ጠይቁ።

ማክሰኞ ማታ ሄጄ አየሁት። ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ጭቃው ሌላ ነው። ልጆቹ ተሰልፈዋል። ተራው ያልደረሰው ጠመንጃውን ባዶ መሆኑ ለሁሉም እንዲታይ ከፍቶ ይዟል። ተራው ሲደርስ አንዲት ጥይት ብቻ ያጎርሳል። አፈሙዙ ወደ ሜዳው እንጂ ወዴትም አይዞርም። ፊደል ገበታ ፊት አምስት ደቂቃ የማይቆምልኝ ልጅ እዚያ ሐውልት መስሎ ቆሟል። እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁ።

አሰልጣኙን የመጀመሪያ ሕጋችሁ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁት። «ማንኛውም ጠመንጃ ጥይት ጎርሷል ብለህ ያዝ» አለኝ። አባቴ ትዝ አለኝ። እቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ምንሽር ነበር። ባዶ ነበር፤ ሁላችንም እናውቃለን። ሆኖም አፈሙዙ ባለበት በኩል ያለፈ ልጅ ኩርኩም ይቀምሳል። «ባዶ ጠመንጃ ሁለት ሰው ያስፈራል» ይል ነበር አባቴ። ይህን አሰልጣኝ ቢያገኘው ቡና ጠጣ ብሎ አይለቀውም ነበር።

ልጁ ወደ ቡድኑ ከመግባቱ በፊት የመሣሪያ ደኅንነት ኮርስ ወስዶ ሰርተፊኬት ማግኘት ግዴታ ነው። የስቴቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ኮርስ ከ11 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች ነው። በሚኒሶታ ሕግ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ወላጅ ወይም አሳዳጊ አብሮት ሳይኖር መሣሪያ መያዝ አይችልም። ሕጉ ልዩ ሁኔታዎችን ያስቀምጣል። ከነዚህ አንዱ በአዋቂ ቁጥጥር ሥር የሚካሄድ የተደራጀ የዒላማ ተኩስ ፕሮግራም ነው። ቡድኑ የሚሠራው በዚህ በር ገብቶ ነው።

ይህ በር ለጓደኛ ጓሮ አልተከፈተም። «የኬቨን አባት ቅዳሜ ሬንጅ (የተኩስ መለማመጃ ሜዳ) ሊወስደን ነው» የሚል ልጅ ካለ፣ ነገሩ የትምህርት ቤቱ ቡድን አይደለም። ለኬቨን አባት ደውሉ። እንግሊዝኛችሁ ተሰባበረ ብላችሁ አትፈሩ። ምን ዓይነት መሣሪያ ነው? የት ነው? ማን ይቆማል? ሽጉጥ ከሆነ ደግሞ ከ1994 ጀምሮ ያለ የፌዴራል ሕግ አለ። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ለዒላማ ልምምድ እንኳ ሽጉጥ ለመያዝ የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ወረቀቱም ሽጉጡን በያዘበት ጊዜ ሁሉ አብሮት መሆን አለበት። «እማዬ እሺ ብላለች» ማለት አይበቃም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህን እንግሊዝኛው ወረቀት ላይ አታገኙትም።

የፌዴራል ሕግ በተማሪ፣ በሥራ ወይም በጎብኚ ቪዛ እዚህ ያለ ሰው፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ መሣሪያም ጥይትም እንዳይዝ ይከለክላል። ሕጋዊ ወረቀት የሌለውንም ይከለክላል። መያዝ ማለት መግዛት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሬንጅ ላይ ለአምስት ደቂቃ ተውሶ መተኮስም መያዝ ነው። ሕጉ ለልጅ ብሎ የተለየ ነገር አላስቀመጠም። ዜጋ ለሆነ፣ ግሪን ካርድ ላለው ወይም ጥገኝነት ለተሰጠው ሰው ይህኛው ክልከላ አይደርሰውም። ኬዛችሁ ገና ያላለቀ ግን፣ በተለይ በቪዛ ገብታችሁ ጊዜው ያለፈባችሁ፣ ጉዳያችሁ ውስብስብ ነው። እባካችሁ ከመፈረማችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃችሁን ጠይቁ። አሰልጣኙን አይደለም፤ እሱ ሰው ማሰልጠን እንጂ ኬዝ አያውቅም። እኔንም አይደለም። አንድ ኢሜይል ነው። ግሪን ካርድ ያላችሁም ብትሆኑ ከመሣሪያ ጋር በተያያዘ ወንጀል ጥፋተኛ መባል ከሀገር ሊያስወጣ እንደሚችል እወቁ። ጎረቤታችሁ ሲፈርም ይህ ሁሉ አያሳስበውም። እናንተ ግን ማሰብ ግድ ይላችኋል።

ሌላው የመኪናው ጉዳይ ነው። እዚህ የቆየን ሰዎች የጥቁር አሜሪካዊውን የፊላንዶ ካስቲልን ስም አንረሳም። ጁላይ 2016፣ ፋልከን ሃይትስ። መሣሪያ የመያዝ ፈቃድ ነበረው። ፖሊስ ሲያስቆመው መሣሪያ እንዳለው ራሱ ተናገረ። እዚያው መኪናው ውስጥ በፖሊሱ ተተኩሶ ተገደለ። ፖሊሱ በዓመቱ በነፃ ተለቀቀ። ስለዚህ የኛ ልጅ በኋላ ወንበር ላይ ሾትጋን ይዞ ማታ ከልምምድ ሲመለስ እኔ እንደ ሌላው ሰው ዘና ልል አልችልም። ፈሪ በሉኝ። አንዳንድ ቡድኖች እዚያው የሚያውሱት ጠመንጃ አላቸው፤ ካላቸው ልጁ በእሱ ይተኩስ፣ ባዶ እጁን ይመለስ። የራሳችሁን ገዝታችሁ ከሆነ ጥይቱ ወጥቶ፣ በመሣሪያ መያዣው ተዘግቶ፣ ኋላ ሻንጣ መጫኛው ውስጥ ይሁን። የሚነዳው ደግሞ አባት ወይም እናት ይሁን። ፖሊስ ቢያስቆማችሁ እጅ የት እንደሚቀመጥ፣ ምን እንደሚባል ከልጁ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። አስቀያሚ ወሬ ነው። ቢሆንም ተነጋገሩ።

ቀለህ ነገርም አለ። ልጆች የተኮሱበትን ቀለህ ለማስታወሻ ኪሳቸው መክተት ይወዳሉ። እኛም ልጅ ሆነን ሰብስበናል። እዚህ ግን ጃኬቱ በማግስቱ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ባዶ ቀለህ እንኳ ብዙ ጥያቄ ያመጣል። ያልተተኮሰ ጥይት ከሆነማ ተዉት። መሣሪያ ወደ ትምህርት ቤት ግቢ ማስገባት ደግሞ በዚህ ስቴት ከባድ ወንጀል ነው። ከልምምድ ሲመለስ ኪሱን አራግፉ።

ፎቶም እንዲሁ። ልጁ ጠመንጃ ትከሻው ላይ አድርጎ የተነሳውን ፎቶ በቴሌግራም ለአክስት ለአጎት መላክ ያምራል፤ ይገባኛል። ግን አገር ቤት ያለውን ሁኔታ ታውቃላችሁ። ያ ፎቶ ስልክ ለስልክ ሲዞር ስፖርት መሆኑን የሚያስረዳ አብሮት አይዞርም። ፍተሻ ላይ ስልኩ የሚታየው ዘመዳችሁ ነው። ሜዳሊያውን ብቻ ላኩላቸው።

ወረቀቱን ስታነቡ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ቆም በሉ። ብዙውን ጊዜ ጉዳት ቢደርስ አልከስም የሚል አንቀጽ አለው። ድንገት ቢጎዳ እንዲታከም የምትፈቅዱበት አለ። የልጁን ፎቶ እንዲያወጡ የምትፈቅዱበትም ይኖራል፤ ይህን ለብቻው እምቢ ማለት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። የጆሮና የዓይን መከላከያ የሚያቀርበው ማን እንደሆነም እዩ። የሾትጋን ድምፅ ከ140 ዴሲቤል በላይ ነው። አንድ ቀን ያለ መከላከያ ቢተኮስ ጆሮ ሊጎዳ ይችላል። ከጥይቱ የሚወጡት ፍሬዎች ብዙ ጊዜ እርሳስ የሚባለው መርዛም ብረት ናቸው፤ እጁን በሳሙና ሳይታጠብ እንጀራ አይቁረስ። ትከሻው ቢበልዝ አትደናገጡ፤ ጠመንጃው ሲተኮስ ይረግጣል።

ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ ደግሞ ቁልፍ ያስፈልጋል። በሚኒሶታ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ የጎረሰ መሣሪያ በቸልተኝነት ማስቀመጥ ወንጀል ነው። ጥይቱ ሌላ ቦታ፣ ለብቻው ይቆለፍ። አልጋ ሥር ቁልፍ አይደለም። ቁምሳጥን አናት ላይም አይደለም፤ ልጆቻችን ዳቦ ቆሎውን ከዚያ ላይ እንደሚያወርዱት ታውቃላችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ በቀስታ ልበል። ከመካከላችን የተኩስ ድምፅ ዒላማ የማያስታውሰው ሰው አለ። በቅርብ ዓመታት ከጦርነት ውስጥ ወጥተው የመጡ ልጆችም ክፍላችን ውስጥ አሉ። እንዲህ ያለ ልጅ ጓደኞቹ ስለሄዱ ብቻ እሄዳለሁ ሊል ይችላል። አስቀድማችሁ ለብቻው አናግሩት። አንድ ቀን ወስዳችሁ ከሩቅ አሰሙት። ፊቱን እዩ። ከፊቱ የምታነቡትን እኔ ከዚህ ሆኜ ልነግራችሁ አልችልም። አባት ወይም እናት ራሳቸው የማይችሉት ከሆነም «እኔ አልችልም» ማለት ነውር የለውም። ልጅ ይረዳል።

እንግዲህ ለራሴም ጉዳይ ትንሽ ልናገር። ውድድሩ በጸደይ ነው፤ ዐቢይ ጾምና ፋሲካ የሚውሉበት ጊዜ ነው። አንዳንዱ ቡድን ልምምዱን ቅዳሜ ጠዋት አድርጎታል። በእኛ ሰዓት ማለት ነው። ፍልሚያው ከባድ ነው፤ ከጠመንጃ ጋር «ሀ ሁ» ይዞ መወዳደር አይቀልም። የቅዳሜ ልምምድ ያላቸው ልጆች ለአምስቱ የውድድር ሳምንታት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከእኔ ጋር እንዲማሩ አመቻችቻለሁ። የሚመዘገብ ስሙን ለአስተማሪው ይስጥ። ሙስሊም ቤተሰቦች ሌላ ሰዓት ከመረጣችሁ ንገሩኝ፤ እናስተካክላለን።

ያቺ እናት እስካሁን ፊርማዋን አላነሳችም። አልወሰነችምም። ሐሙስ ልምምዱን ልታይ ትሄዳለች፤ ሻይ በቴርሞስ ይዛ ነው የምትሄደው። ልጁን ደግሞ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች በአማርኛ እንዲተረጉምላት አዛዋለች፤ ከእኔ ንባብ ጋር ልታመሳክረው ነው።

ወረቀቱ የደረሳችሁ ሌሎቻችሁም በሚቀጥለው ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ ወደ ቢሮዬ ይዛችሁት ኑ። አብረን እናነበዋለን። ቡና ይኖራል። መነጽር ያላችሁ መነጽራችሁን አትርሱ፤ ፊደሉ ደቃቅ ነው።

አክባሪያችሁ፣
የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር