«ናሙና» ከየት ይገዛል? የቋንቋ ክበባችን ዓመት

ዘንድሮ ክበባችን የሠራው አንድ ሥራ ነው። ግጥም አላቀረብንም፣ ድራማም አላዘጋጀንም። ከጥቅምት እስከ ግንቦት የሐኪም ቤት ቃላት ስንለቅም ከረምን።

ነገሩን ያመጣችው አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ናት። መስከረም ላይ ከገጠር የመጡትን አያቷን ለማሳከም ይዛቸው ትሄዳለች። ካርድ ወጣ፣ ወረፋ ተጠበቀ፣ ሐኪሙ አይቶ ላቦራቶሪ ላካቸው። ልጅቷ ገንዘብ ልትከፍል ስትሄድ ለአያትየዋ ክዳን ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ሰጧቸውና «ናሙና ይዘው ይምጡ» አሏቸው። ስትመለስ አያቷ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለዋል። ዕቃዋን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው፣ በሁለት እጃቸው አጥብቀው ይዘዋታል። ባዶ ናት። «ናሙና የሚሉትን ከየት እንደምገዛ ባላውቅ አንቺን ጠበቅኩ» አሏት።

ሽንት ቢሏቸው ኖሮ በአምስት ደቂቃ ያለቀ ነገር ነበር።

ይህን ስትነግረን ክፍሉ ጸጥ አለ። ሁሉም የራሱን አያት ነው ያሰበው። በዚያው ቀን ተስማማን፤ እያንዳንዱ ልጅ ደብተር ይይዛል፣ ቤቱ ያሉትን ትልልቅ ሰዎች ይጠይቃል፣ ድሮ ምን ይባል እንደነበርና አሁን ምን እንደሚባል ጎን ለጎን ይጽፋል።

ቃላቱ ሲመጡ እኔም ብዙ ተማርኩ። ሆስፒታልና ሆቴል ወንድማማች ቃላት ናቸው፤ ሁለቱም የመጡት እንግዳ ከሚል የላቲን ቃል ነው። ሐኪም ደግሞ በዐረብኛ ጥበበኛ ማለት ነው። አንድ ልጅ ኳስ ሲጫወት እጁ ቢሰበር ራጅ ይነሳል፣ ጀሶ ይደረግለታል፣ ፋሻ ይታሰርለታል፤ ሦስቱም ከጣልያንኛ የገቡ ናቸው። ወጌሻ ጋ ከሄደ ግን ይታሻል፣ በቀርከሃ ይታሰርለታል። ድሬሰር የሚለውን ልጆቹ ሰምተውት አያውቁም፤ አባቶቻቸው ግን ቁስል የሚያጥበውን፣ መርፌ የሚወጋውን፣ ባለ ነጭ ጋውኑን ሰውዬ ዛሬም በዚሁ ስም ነው የሚያስታውሱት።

ብዙ ጊዜ የወሰደብን ኪኒን ነው። ቃሉ የመጣው ከኩዊኒን ነው፤ ኩዊኒን ደግሞ የወባ መድኃኒት ነው። ዛሬ ለራስ ምታትም ይሁን ለሆድ የምንውጠውን ሁሉ ኪኒን እንላለን፣ ስሙ ግን የወባ ነው። ይህ ለጣና ዳር ሰው ባዕድ ነገር አይደለም። የፎገራና የደምቢያ ሽማግሌዎች ወባን ንዳድ ነው የሚሏት፤ ሰውነትን እንደ እሳት ስለምታነድ። በ1946 ዓ.ም. ገደማ ደምቢያን የመታው የወባ ወረርሽኝ፣ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ እንዲከፈት አንዱ ምክንያት ሆነ። ሳኒተሪያን (የአካባቢ ጤና ባለሙያ) የሚለው ቃልም ከዚያ ከወጡት ባለሙያዎች ጋር ነው ወደየወረዳው የተሰራጨው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1950 ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ወባ በሀገሪቱ ወደ 150 ሺህ የሚጠጋ ሰው ፈጀች። አንድ ልጅ ይህን ከጻፈ በኋላ አያቱን «ንዳድ ያን ጊዜ እናንተ ቤት ገብታ ነበር ወይ?» ብሎ ጠይቋቸው ኖሯል። አያቱ መልስ ሳይሰጡት ተነስተው ወጡ። ደብተሩ ላይ ቦታውን ባዶ ትቶታል፣ እኔም እንዲሞላው አልጠየቅኩትም።

እኔ ከሁሉ የምወደው ግን ክትባትን ነው። አንዲት ተማሪ ጎረቤታቸውን እማማን ስለ ፈንጣጣ ስትጠይቅ፣ እማማ የቀሚሳቸውን እጅጌ ሰብስበው ክንዳቸው ላይ ያለውን ጠባሳ አሳዩዋት። ክብ ነው፣ መሐሉ ጎድጎድ ያለ፣ ዙሪያው የተጨማደደ። አንገታቸው ላይ ደግሞ በቆዳ የተሰፋ ክታብ አለ። ክታብና ክትባት ከአንድ ሥር ነው የበቀሉት፤ ከተበ በግእዝ ጻፈ ማለት ነው። አንዱ በብራና ላይ ይጻፋል፣ አንዱ በክንድ ላይ። እማማም «ሁለቱንም ለዚያ በሽታ ብዬ ነው የያዝኩት» ብለዋታል። በሀገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ የተገኘው በ1968 ዓ.ም. ነው። ፈንጣጣ ጠፍቷል፣ ጠባሳውና ክታቡ ግን አሁንም እማማ ላይ አሉ።

አዲሱ ቃል ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ቁምጥና ቀርቶ ሥጋ ደዌ መባሉ፣ እብድ ቀርቶ የአእምሮ ሕመምተኛ መባሉ ትልቅ ነገር ነው፤ በድሮው ስም ስንቱ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ቀርቷል። ናሙናም ቢሆን ጥሩ ቃል ነው። ቦታው ግን ሪፖርት ላይ እንጂ ከገጠር የመጡ እናት ፊት አይደለም።

በነገራችን ላይ የከተማችን የባሕር ዳር ሁለት ትልልቅ ሆስፒታሎች ስማቸው ከውኃ የተቀዳ ነው። ፈለገ ሕይወት የሕይወት ወንዝ ማለት ነው፤ በጥበበ ግዮን ውስጥ ያለው ግዮን ደግሞ ዓባይ ነው። ወንዙ ከጣና በሚወጣበት ከተማ ላይ ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል? ይህን ያስተዋለው የ9ኛ ክፍል ልጅ ነው፣ እኔ ስንት ዓመት እዚህ ኖሬ አላየሁትም ነበር።

ግንቦት ላይ ከለቀምናቸው መሐል 30 ቃላት መርጠን አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጀን። በአንድ በኩል የሐኪም ቤቱ ቃል አለ፣ በሌላ በኩል የቤቱ። ናሙና ካለው ጎን ሽንት፣ ሰገራ፣ አክታ ወይም ደም፤ ተኝቶ ታካሚ ካለው ጎን እዚሁ አልጋ ይዘው ያድራሉ፤ ሪፈር ካለው ጎን ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይሄዳሉ። ነርስ የሆነች አንዲት ወላጅ ወስዳ ጠረጴዛዋ ላይ ለጥፋዋለች። በሁለተኛው ሳምንት መልሳ ላከችልን። ከሥሩ በእስክሪብቶ እኛ ያልሰማናቸውን አራት ቃላት ጨምራለች።

ጣና ላይ ያሉትን የዘጌን ልሳነ ምድርና የደቅን ደሴት ሰዎች ገና አልጠየቅንም። ታማሚ በታንኳ ሲመጣ ምን ይባል እንደነበር፣ ማን ይቀዝፍ እንደነበር፣ ምን ይዘው ይሳፈሩ እንደነበር ማወቅ እንፈልጋለን። ክረምቱን እዚያ ዘመድ ጋ የምትሄዱ ልጆች ደብተር ያዙ። ዋናው ደብተራችን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ከመዝገበ ቃላቱ ጎን ተቀምጧል።