የጉዞና ተራራ ክበብ የ2017 ዘገባ፦ ያማረ ገደል ሁሉ አይወጣም

የክበባችን ስም ዘንድሮም ብዙ ሰው አሳስቷል። በየሳምንቱ ኮስተር ተሳፍረን የምንሄድ የመሰለው ተማሪ መስከረም ላይ ጎረፈ፣ ኅዳር ላይ ደግሞ ሳስቶ ቀረ። የዓመቱ ሥራችን አብዛኛው ካርታ ላይ ነበርና። ከደሴ ተነስተን በሐይቅ፣ በውጫሌ፣ በመርሳና በወልድያ አድርገን ላሊበላ የምንገባበትን ጉዞ ማቀድ፣ መንገድ ላይ ደግሞ ጀማሪ ተማሪ በገመድ ሊወጣው የሚችል ዓለት የት እንዳለ መፈለግ። ጉዞው ገና አልተካሄደም። ዕቅዱ ግን አልቋል፣ የምጽፈውም ስለሱ ነው።

ሐሳቡ የተማሪዎቹ ነው። ስፖርት ክላይሚንግ የሚባለው የዓለት መውጣት ስፖርት ኦሎምፒክ የገባው በቶኪዮው ውድድር ነው፤ አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ የዚያን ቪዲዮ በስልኩ ይዞ መጣና «ቲቸር፣ እኛ እኮ ጦሳ ሥር ነው የምንኖረው» አለኝ። ልክ ነው፣ ጦሳ የከተማችን ተራራ ነው። ደሴ ላይ ቀና ያለ ሰው ገደል ያያል። ችግሩ የምናየው ገደልና የምንወጣው ገደል አንድ አለመሆኑ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ የተከራከርነውም በዚሁ ነው።

የመጀመሪያው የልጆቹ ዝርዝር ላይ አዝዋ ገደል፣ ሐረጎና መቅደላ ነበሩ። የእኔ ድርሻ መሰረዝ ሆነ። አዝዋ ገደል እይታው ልብ ይሰርቃል፣ ፎቶ ይነሳበት፣ ለጀማሪ ግን እንዲሰረዝ ከፍታው ብቻውን ይበቃል። ሐረጎ ላይ ከሥር መኪና ያልፋል፤ አንድ ልጅ ከላይ ጠጠር ቢያስነሳ የሚያርፈው የሰው መስታወት ላይ ነው። መቅደላ ከመንገዳችን ውጪ ከመሆኑም ሌላ አንዷ ተማሪ «አጼ ቴዎድሮስ በወደቁበት ቦታ አልንጠለጠልም» ብላ ክርክሩን ዘጋችው። ላሊበላ ስንደርስስ? እዚያ የአብያተ ክርስቲያናቱን ዓለት በእጅ እንኳ አንነካም። ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ከመሆኑ በፊትም ጫማ ተወልቆ የሚገባበት ቦታ ነው። ይህንን ዕቅዱ ላይ በቀይ ጽፈነዋል።

ታዲያ ምን ዓይነት ዓለት ነው የምንፈልገው? የሚያሳፍር ዓለት። እውነቴን ነው፣ ጓደኛ ቢያየው «ይሄንን ነው?» የሚለው ዓይነት። ቁመቱ 10 ወይም 15 ሜትር፣ ከሥሩ ሜዳ የሆነ፣ ከጀርባው በእግር ዞሮ አናቱ ላይ የሚደረስበት። በስፖርት ክላይሚንግ ወጪው፣ ማለትም የሚወጣው ሰው፣ ዓለቱ ላይ ቀድሞ በተተከለ ቡሎን ገመዱን እያያዘ ነው የሚሄደው። እኛ ባየናቸው ዓለቶች ላይ ቡሎን የለም። ስለዚህ የሚሆነን ቶፕ ሮፕ የሚሉት ነው፦ ገመዱ የዓለቱ አናት ላይ በታሰረ ማያዣ በኩል ዞሮ ይመለሳል፣ አንዱ ጫፍ ወጪው ላይ፣ ሌላው ከሥር ያለው ገመድ ያዥ ጋ። ወጪው ቢያመልጠው እዚያው ይንጠለጠላል እንጂ ብዙ አይወርድም። ገመዱ ደርሶ መልስ ስለሆነ 60 ሜትር ገመድ 30 ሜትር ለማይሞላ ዓለት ነው የሚበቃው፤ ይህንን ስሌት አንድ ልጅ ሳይነገረው በራሱ ደረሰበት፣ ደስ አለኝ።

ሌላው የድንጋዩ ጠባይ ነው፣ እዚህ ላይ የጂኦግራፊ መምህርነቴን ትንሽ ታገሱልኝ። የወሎ ደጋ አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ባዛልት ነው፣ የቀለጠ ድንጋይ ተደራርቦ የረጋ። ጠንካራው ድርብ ገደል ሆኖ ይቆማል፣ ለስላሳው ይሸረሸርና ተዳፋት ይሆናል። ባዛልት ሲቀዘቅዝ ተሰነጣጥቆ እንደ ዓምድ የሚቆምበት ቦታ አለ፤ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል፣ ቀርበው ሲነኩት አንዳንዱ ዓምድ ይነቃነቃል። አሰልጣኙ ያስተማረን ቀላል ነገር ነው፦ ድንጋዩን በመዳፍ መታ አድርግ፣ እንደ ባዶ በርሜል ከጮኸ ተወው።

አሰልጣኝ ያልኩት ከአዲስ አበባ የመጣ ሙያውን የሚያውቅ ወጣት ነው። ከላይ ገመድ የሚያስር የሠለጠነ ሰው ከሌለ ይህ ክበብ ከመሬት አይነሳም፤ ወላጆችም ፈቃድ የሰጡት በዚህ ስምምነት ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ አነስተኛ ዓለት ላይ አለማመደን። የማሳው ባለቤት የሆኑ አባት መጀመሪያ ሰላም ብለናቸው ፈቃድ ስንጠይቅ «ድንጋዩን ነው የምትፈልጉት? ውሰዱት እንጂ፣ ለእኔ እዳ ነው!» ብለው አሳቁን። ከዚያ ግን ከሁላችን የበለጠ የጠቀሙን እሳቸው ናቸው። መርጠን የነበረውን ስንጥቅ አሳይተው «እዚያ ንብ አለ» አሉን። እሳቸው ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር?

ዕለቱ ትምህርት ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። የ8 ቁጥር ቅርጽ ያለው ባለ ስምንት ቋጠሮ፣ ሄልሜት፣ ከመውጣት በፊት ወጪና ገመድ ያዥ አንዱ የሌላውን መታጠቂያና ቋጠሮ መፈተሽ። አንዲት ቀጭን ልጅ የክፍሉን ግዙፍ ልጅ ገመድ ስትይዝ እሱ ተንጠለጠለ፣ እሷ ከመሬት ተነሳች፤ የፊዚክስ መምህራችን ይህንን ምሳሌ እስከ ሰኔ ሲጠቀሙበት ነበር። ትልቁ ችግር ግን ጩኸት ነው። ወሎዬ ናቸዋ! አንዱ ዓለት ላይ ሲደርቅ ከሥር ሁሉም «አብሽር! አብሽሪ!» ይላል፣ ወጪው «አውርዱኝ» ሲል ማን ይስማው። አሰልጣኙ ደንብ አወጣ፦ ከወጪውና ከገመድ ያዡ በቀር የሚናገር የለም፣ ቃሎቹም ያዝ፣ አላላ፣ አውርደኝ ብቻ። አብሽር የሚባለው መሬት ከተረገጠ በኋላ ነው።

ቀን መቁረጡ ደግሞ ከዓለት መምረጡ የባሰ ነበር። ክረምት አይታሰብም። የበልግ ዝናብም የካቲትና መጋቢት ላይ አይታመንም፣ እርጥብ ባዛልት ላይ ጫማ አይቆምም። በዚያ ላይ ዘንድሮ ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን በየካቲት 22 ተከተለ። ግማሹ ክበብ ውሃ ሳይጠጣ፣ ግማሹ ቁርስ ሳይበላ ፀሐይ ላይ ገመድ አይዝም። ተማሪዎቹ ራሳቸው ሁለቱን ጾም ካርታው ጎን ሰቅለው ጉዞውን ወደ ጥቅምት 2018 አዛወሩት። ዝናቡ ካባራ በኋላ ስለሆነ አገሩም አረንጓዴ ነው።

የመንገዱ ዕቅድ ባጭሩ ይህ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ከደሴ መነሳት፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ሐይቅ ላይ ዓሣ መብላትና የእስጢፋኖስን ገዳም ታሪክ መስማት፤ እዚያ መውጣት የለም። ውጫሌ ላይ ጥቂት ቆይተን የ1881ዱን ውል ማንሳት፣ አንቀጽ 17ን የሚያስረዳ ተማሪ ተመርጧል። ከደሴ 120 ኪሎ ሜትር ላይ ወልድያ ማደር። በማግስቱ ወደ ጋሸና የሚወጣው መንገድ ጠመዝማዛ ስለሆነ ልጆቹ በርካታ ማቆሚያ ምልክት አድርገውበት ነበር። እኔ ግን ሁሉንም «ማያ» ብዬ ቀየርኩት። አሰልጣኙ ሄዶ ካልነካው፣ የአካባቢውም ሰው እሺ ካላለ፣ ማቆሚያ አይባልም። የመንገዱን ሁኔታም በጉዞው ሳምንት አጣርተን ነው የምንነሳው፣ ጥሩ ካልሆነ እንቀራለን፣ ቅሬታ አልቀበልም።

አሰልጣኙ ትቶልን የሄደው ገመድ አገልግሎቱን የጨረሰ ነው፣ ለቋጠሮ ልምምድ ብቻ ይሆናል፣ ጫፉ ቀይ ተቀብቷል። ቤተ መጻሕፍት ነው ያስቀመጥነው፤ ባለሙያዋም እንደ መጽሐፍ ቁጥር ሰጥተው መዝግበውታል። የሚዋሰው ሰው በሦስት ቀን ይመልስ። ለ2018 መመዝገብ የምትፈልጉ መስከረም ላይ የወላጅ ፊርማ ይዛችሁ ኑ፣ ባለ ስምንት ቋጠሮ በቃሉ የሚያስር ይቀድማል።