የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ለየግቢው የሚስማማውን ዛፍ ፍለጋ

ክበባችንን በሩቁ የሚያዩ ሰዎች «ችግኝ ተክላችሁ ፎቶ ትነሳላችሁ» ይሉናል። ዘንድሮ የደከምንበት ሥራ ይህ አይደለም። ተማሪው ለቤቱ ግቢ የሚሆነውን ዛፍ ራሱ እንዲመርጥ፣ ከዘር አፍልቶ እንዲያሳድግና ወስዶ እንዲተክል ነው የለፋነው። ሐምሌ ላይ ተተክሎ ጥር ላይ የደረቀ ችግኝ ሁላችንም አይተናል። በጋውን የሚያልፈው ባለቤት ያለው ነው።

ስብሰባዎቻችን እንደማንኛውም ክበብ ናቸው። መስከረም ላይ ምዝገባ፣ ከዚያ የኮሚቴ ምርጫ፣ አርብ አርብ ከትምህርት በኋላ መገናኘት። ቃለ ጉባኤው ቢሮ አለ።

ክርክሩ የጦፈው ዛፍ መምረጥ ላይ ነው። አንዲት ተማሪ በስልኳ የጃፓን ሜፕል ፎቶ ይዛ መጣች። ቅጠሉ እንደ ፍም ቀልቷል። «ቲቸር፣ ይሄን ማፍላት አንችልም?» አለችኝ። ጥያቄዋን ወደድኩት። ሜፕል ቅጠሉን አራግፎ የሚያርፍበት ረጅም ብርድ የሚፈልግ ዛፍ ነው። የተመረጡት ዝርያዎቹም የሚባዙት በዘር ሳይሆን በአብዛኛው በክተባ፣ ማለትም ቅርንጫፉን በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ በማጣበቅ ነው። ከተማችን ደብረ ማርቆስ ላይ እንደዚያ ያለ ብርድ የለም። ቅጠሉ ቀለም የሚለውጥ ዛፍ ግን እኛም አለን። የብሳና ቅጠል ከመርገፉ በፊት ብርቱካንማ ይሆናል። በየማሳው ቆሞ ስላየነው ልብ አላልነውም እንጂ ለግቢ ውበት የሚያንስ አይደለም። የረገፈው ቅጠሉ አፈር ያለማል፣ አበባውን ንብ ትወደዋለች።

በዚህ ተነስተን ሁሉም ግቢውን ለክቶ እንዲመጣ አደረግን። ሰፊ ግቢ ያለው ዋንዛ መረጠ። ጥላው ሰፊ ነው፣ ፍሬው ይበላል፣ እንጨቱ ከበር እስከ ከበሮ ይሆናል። ግን ከግድግዳ ራቅ ተደርጎ ይተከላል፤ ውርጭ በሚመታው ቦታም አይሆንም። አጥር ለሚፈልግ ቆርች አለ። ቅርንጫፉ ተቆርጦ ቢተከል ይይዛል፣ ቀይ አበባውም ለዓይን ይማርካል። ብርብራ የአገራችን ብቻ የሆነ ዛፍ ነው፤ ለአፈር ጥሩ፣ ለጥላም ምቹ። ለማይቸኩል ሰው ደግሞ ወይራ። ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ጠባብ ግቢን ቶሎ አያጣብብም፤ እናቶቻችን እንስራ የሚያጥኑበት መሆኑንም ማንም አልረሳም። የወይራን ዘር ለማፍላት ጠንካራውን ቅርፊት በጥንቃቄ መስበር ይረዳል። ልጆቹ በትንሽ ድንጋይ ሲሰብሩት ውስጡን እንዳይጎዱ የሚያደርጉትን ጥንቃቄ ብታዩት!

ባህር ዛፍ ለምን አልተካተተም ያሉን ወላጆች አሉ። ባህር ዛፍ ወደ አገራችን ከገባ ከ120 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቤት ሠርቶልናል፣ ልጅም አስተምሯል። እኛ አልጠላነውም። ግን ውሃ ይሻማል፣ አጠገቡ ጎመን አያስበቅልም። ቦታው ግቢ አይደለም ነው ያልነው።

ጥር ላይ ዘር ለመልቀም ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ የደብር ደን ሄድን። የኔታ ከቅኔ ተማሪዎቻቸው ጋር ወይራ ሥር ተቀምጠው ነበር። የወደቀውን ልቀሙ፣ ቅርንጫፍ አትንኩ አሉን። ልጆቹ እየለቀሙ ማን ምን እንደሚተክል ያወራሉ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ግን ዝም ብላለች። የኔታ ጠየቋት። «እኔ ተከራይ ነኝ፣ ምን ግቢ አለኝ?» አለች። ሁሉም ዝም አለ። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆቻችን ብዙ ናቸው። ምርጫውን ስናቅድ ስለ እነሱ ያነሳ ሰው አልነበረም።

የኔታ «አባትሽ አገር ኮሶ የለም ወይ?» አሏት። ቤተሰቧ ጮቄ ተራራ ሥር ነው። «ሁለት ሦስት ቀርተዋል፤ አያቴ አይቆረጡም ብሎ» አለች።

መጋቢት ላይ ስንቅ ልታመጣ ሄዳ ስትመለስ ከበሶው ጋር በነጠላ ጨርቅ የተቋጠረ የኮሶ ዘር ይዛ መጣች። አያቷ ከሴቴዋ ኮሶ አራግፈው የላኩት ነው። ኮሶ ወንዴና ሴቴው ለየብቻ ስለሆነ ዘር የምትሰጠው ሴቴዋ ብቻ ናት። መልእክትም ነበራቸው፤ «ሲበቅል ለእኔም መልሳችሁ ላኩልኝ» የሚል። ልጅቷ ይህን ስትናገር ድምፅዋ ከፍ ብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ዝም ያለችበት አርብ የለም።

ቀደም ብለን የዘራነው ኮሶ አልበቀለልንም ነበር። ዘሩ ደቃቅ ነው፤ ከቆየ ሕይወቱ ይወጣል። ያገኘነውም የቆየ ነበር። የአያትየው ዘር ግን በሳምንታት ውስጥ መደቡን አለበሰው። አሁን ችግኞቹ ላስቲክ ውስጥ ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ወደ ጮቄ ይሄዳሉ።

ያልተሳካም አለ። ሚያዝያ ላይ በተቀደደው አጥር በግ ገብቶ የብርብራውን መደብ ጨርሶታል። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ልጆቹ በጀሪካን ከሩቅ እየተሸከሙ ነው ያጠጡት። ይህን ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አመልክተናል። ለኳስ ቡድኑ አዲስ ማሊያ ሲገዛ እኛም አጨብጭበናል፤ ይገባቸዋል። ለችግኝ ጣቢያው አንድ ሮቶና ጥቂት ሜትር የአጥር ሽቦም ይገባናል። ዓመቱን ሙሉ ውሃ የተሸከሙ ልጆች ይህን ቢጠይቁ አልበዛባቸውም።

ሐምሌ ላይ ችግኝ የምትፈልጉ ወላጆች ከሰኔ ጀምራችሁ ጉድጓድ ቆፍሩ፤ ግቢያችሁንም ለክታችሁ በልጆቻችሁ በኩል ላኩልን። የወተትና የዘይት ላስቲክ አትጣሉ፣ ለክበቡ ይጠቅማል። ሽቦ ወይም ሮቶ ልታግዙን የምትችሉ አርብ ከሰዓት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ታገኙናላችሁ።