ሚክሰሩ የመጣው ልጆቹ መተማ ሲወርዱ ነው

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት ሮቦት የልጆቻችንን እንጀራ ይነጥቃል የሚለውን ጽሑፋችሁን አነበብኩት። ፍርሃቱ ይገባኛል። እኔ ግን አዘዞ ላይ ቤት ሳሠራ ያየሁት ነገሩን ገልብጦ አሳየኝ።

የመጀመሪያው ሶሌታ የተሞላው ግንቦት ላይ ነው። ፎርማኑን «ሚክሰር አንከራይም ወይ?» ብለው ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ልጅ በር ላይ ቆሞ?» እውነቱን ነው። ልጆቹ አሸዋና ጠጠሩን በአካፋ አገላብጠው፣ በባሬላ ተሸክመው ማታ ላይ ጨረሱት። ከኪራዩም ረከሰ። አንደኛው መዳፉን ሲሚንቶ በልቶት በላስቲክ ጠቅልሎ ነበር የሚሠራው።

ሁለተኛው ሶሌታ ጥቅምት ላይ ደረሰ። ልጅ የለም! ሁሉም ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዷል። ሰሊጥ ደግሞ ቀን አይሰጥም፤ ቅርፊቱ ደርቆ ከተከፈተ ፍሬው ይረግፋል። የቀሩት ልጆች የጠሩት ሒሳብ አይቀመስም። ያኔ ያው ፎርማን ራሱ «ሚክሰር እናምጣ» አለኝ።

የደቡብ ኮሪያም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 የአንዲት ሴት አማካይ ወሊድ 0.72 ነበር። ሕዝብ ባለበት እንዲቆይ 2.1 ያስፈልጋል። በፋብሪካዎቿ ደግሞ ለ10,000 ሠራተኛ ከ1,000 በላይ ሮቦት አለ፤ ከዓለም አንደኛ ናት። መኪናና ኤሌክትሮኒክስ ማምረቷም አግዟል። ግን ዳሮን አሴሞግሉና ፓስኳል ሬስትሬፖ የተባሉ የኢኮኖሚ ምሁራን ብዙ አገሮችን አነጻጽረው ያገኙት ይሄንኑ ነው፦ የሠራተኛው ዕድሜ በገፋበት አገር ሮቦት ቶሎ ይገባል።

እኛ ጋ ግማሽ ያህሉ ሕዝብ ገና 20 ዓመት አልሞላውም። ጉልበት እንዲህ ረክሶ ማን ማሽን ያስገባል? በዚያ ላይ የዶላሩ ጣጣ አለ። ጸሐፊያችሁ አንድ ነገር ላይ ልክ ናቸው፤ እዚያ የተተከለ ሮቦት ወደ እኛ ሊመጣ የነበረ ፋብሪካ ሊያስቀር ይችላል። ለሰፈሬ ልጆች ግን እኔን የሚያስፈራኝ ባሬላው ነው።

ኅዳር ላይ ልጆቹ ከመተማ ተመለሱ። ፎርማኑ በማግስቱ ሚክሰሩን ለባለቤቱ መለሰ። በረንዳው በባሬላ ተሞላ።

አንድ አንባቢ፣
ከአዘዞ፣ ጎንደር