የዲስከቨሪን ታሪክ ስትጽፉ 2013ን አትዝለሉ

ለአዘጋጁ፣

ስለ አሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ ስለ ዲስከቨሪ ቻናል ያወጣችሁት ጽሑፍ ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1985 በጆን ሄንድሪክስ መመሥረቱንና በ1988 የተጀመረውን «የሻርክ ሳምንት»፣ ማለትም በየዓመቱ ስለ ሻርክ ዓሦች የሚቀርበውን ተከታታይ ዝግጅት፣ ያነሳል። የ2013ቱን ጉዳይ ግን ዘሎታል።

በዚያ ዓመት የሻርክ ሳምንት የተከፈተው ሜጋሎዶን የተባለው ግዙፍ ሻርክ ዛሬም በሕይወት ሊኖር ይችላል በሚል ፊልም ነበር። ይህ ሻርክ ከጠፋ ከ2 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። በፊልሙ ሳይንቲስት ተብለው የቀረቡት ሰዎች ተዋንያን ነበሩ። ጉዳዩ ፈጠራ መሆኑን የሚጠቁመው ጽሑፍ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱም ብልጭ ብሎ ጠፋ። ያን ሰዓት ማን ስክሪን ላይ አፍጥጦ ይቆያል? እህት ጣቢያው አኒማል ፕላኔትም በ2012 ስለ ሜርሜይድ (ግማሽ ሰው ግማሽ ዓሣ ስለተባለችው የተረት ፍጡር) ተመሳሳይ ነገር አድርጓል።

«መዝናኛ ነው፣ ምን ችግር አለው?» የሚሉ አሉ። ችግሩ ፈጠራውም እውነተኛው ዘጋቢ ፊልም በአንድ ጣቢያ፣ በአንድ ዓይነት አተራረክ መቅረባቸው ነው። ተመልካቹ በምን ይለያቸው? ደግሞ ለተመልካች ሲባል መዋሸት አያስፈልግም። በ2003 የጀመረው ሚዝባስተርስ የተባለው የዲስከቨሪ ዝግጅት የሰዎችን ግምት በሙከራ እየፈተነ፣ ሲሳሳትም እየደገመ፣ ለዓመታት ታይቷል። ዲስከቨሪ ራሱ በ2015 እንደ ሜጋሎዶኑ ያሉ የፈጠራ ፊልሞችን እንደሚያቆም ተናግሯል።

ስለዚህ ፈጠራ የተቀላቀለበት ዝግጅት የሚያሳይ ጣቢያ ማሳሰቢያውን መጀመሪያ ላይ፣ ከየማስታወቂያው መልስም በግልጽ ያስነብብ። እናንተም በቴሌቪዥን ፕሮግራም ገጻችሁ ላይ ከእንዲህ ያለ ዝግጅት ስም አጠገብ «ድራማ» ብላችሁ ጻፉ።

አንድ አንባቢ